ሦስተኛው ትእዛዝ

ሐሙስ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ሊሊሴ የጓሮውን በር መቀርቀሪያ ስባ ስትከፍት፣ አቶ በኃይሉ ይስማውን ከአምስቱ የሲሚንቶ ደረጃዎች ሥር በደረታቸው ተደፍተው አገኘቻቸው። ሹራባቸው የሌሊቱን ዝናብ ጠጥቶ ከብዷል። አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ አጥልቋል፣ ሌላው ባዶውን ነው።

«ዋቃዮ!» ብላ አምላኳን ጠርታ ጮኸች።

ጩኸቷን ሰምቶ የመጣ ሰው አልነበረም። ጥቂት ጠበቀችና ራሷ እስከ አስፋልቱ ሮጣ ሰው ጠራች።

የምርመራ ኃላፊዋ ኢንስፔክተር ድርቤ ኩማ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አጭር ናት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አትናገርም። ቀድሟት የደረሰው ሳጅን ባይሳ ነገሩን የጨረሰ ይመስል ማስታወሻ ደብተሩን ዘግቷል።

«ወድቀው ነው አዴ ድርቤ። ደረጃው እርጥብ ነው፣ ሰውዬው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው።»

ድርቤ በሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የግራ ክንዳቸው ላይ፣ ከክርናቸው ከፍ ብሎ፣ የአራት ጣቶች ቅርጽ ያለው በለዝ ይታያል። ከዚያ ቀና ብላ ሊሊሴን ጠየቀቻት። ሊሊሴ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣች ታበስላለች፣ ቤት ታጸዳለች።

«በሩን ስትከፍቺው ተቀርቅሮ ነበር?»

«ኤዬ፣ ከውስጥ።»

ድርቤ ወደ ባይሳ ዞረች። «ውጭ የወደቀ ሰው ተመልሶ ከውስጥ አይቀረቅርም።»

ባይሳ ማስታወሻ ደብተሩን መልሶ ከፈተ።

ሁለተኛው ነጠላ ጫማ ማድ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛው ሥር ተገኘ። ሳሎኑ ንጹሕ ነው። ከመስኮቱ አጠገብ አንድ ወንበር አለ፤ መቀመጫው በአንድ ሰው ልክ ጎድጉዷል። ሌሎቹ ሦስት ወንበሮች ግን ገና ከሱቅ የወጡ ይመስላሉ። ከወንበሩ ጎን ሬዲዮ ተቀምጧል፤ ገመዱ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ማዕዘኑ ላይ የቆመው ረጅም መብራት በቀትር እየበራ ነው። የተሰካው ግድግዳው ላይ ካለች ነጭ፣ ሳጥን መሳይ ሶኬት ነው። ከሶኬቷ በላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ ወረቀት ላይ ስምና የይለፍ ቃል ተጽፏል።

«ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር?» አለች ድርቤ።

ሊሊሴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረግ አደረገች። «ሲነቁ ይከፍቱታል፣ እስኪተኙ አይዘጉትም። ነጯ ሶኬት የሬዲዮው ናት። ቤቱ ውስጥ የሚናገር አንድ እንኳን ይኑር ይሉ ነበር።»

«ትናንት ስትወጪስ?»

«ዘጠኝ ተኩል ላይ ወጣሁ። ያኔ እያወራ ነበር።»

ድርቤ የተነቀለውን ገመድ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

*

ልጃቸው ሩት አርብ ጠዋት ከአዲስ አበባ ደረሰች። አንድ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗል። አባቷ ቀያሽ ነበሩ፤ ከጎጃም መጥተው ነቀምቴን፣ ጉቴን፣ አኖን በገመድና በችካል ሲለኩ ሃምሳ ዓመት ኖረዋል፤ ቤቴን ትቼ አልሄድም ስላሉ ነበር በስልኳ የምትጠብቃቸው።

«የምትጠብቂያቸውን አፕ አሳዪኝ» አለቻት ድርቤ።

«የውጭ አገር አፕ ነው። ‹ይህ ሲሆን ይህን አድርግ› ብለን ትእዛዝ እንሰጠዋለን። ማድ ቤት ውስጥ እንቅስቃሴ የሚያይ ዕቃ አለ፤ አባዬ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ካልተንቀሳቀሰ ስልኬ ይጮሃል። የውጭው በር ሲከፈትም መልእክት ይልክልኛል። ሬዲዮውንም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሚከፍተው እሱ ነበር። የጠዋትና የማታ የመድኃኒት ማስታወሻም ነበረው። አምስት ትእዛዝ ነበረን።»

«ነበረን?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ካሁን ጀምሮ በነጻ የሚጠቀም ሰው የሚፈቀድለት ሁለት ብቻ ነው የሚል ደብዳቤ በኢሜይል ላኩልኝ። ለመክፈል ደግሞ የውጭ ባንክ ካርድ ይጠይቃሉ፣ እኔ የለኝም። መምረጥ ነበረብኝ። የጠዋቱንና የበሩን አቆየሁ። ሬዲዮውን አጠፋሁበት።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ለአባቴም አልነገርኩም፣ አፈርኩ። ሬዲዮው ጠዋት ጠዋት አልናገር ሲለው የተበላሸ መስሎት በእጁ ይከፍተው ጀመር።»

ስልኳን ከፍታ ዘረጋችላት። በማያ ገጹ ላይ ሁለት ትእዛዞች ተደርድረዋል። ሩት ስታነባቸው ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ ምንድን ነው? ‹ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ነጯን ሶኬት አብራ።› ይህን እኔ አልሰጠሁም! የበሩ የት ሄደ?»

«መቼ እንደተቀየረ፣ ማን እንደቀየረው ያሳያል?»

«ያለፈውን የሚያሳየው ለከፋይ ብቻ ነው።»

«የበሩ መልእክት ለመጨረሻ ጊዜ የደረሰሽ መቼ ነው?»

«ረቡዕ፣ ልክ አሥር ሰዓት ላይ። ግን ሰዓቱን አይመኑት። በነጻ ሲሆን በሩን የሚጠይቀው በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ነው። ከዘጠኝ እስከ አሥር መካከል አምስት ጊዜ ቢከፈት እንኳ የሚነግረኝ አንዴ፣ አሥር ሰዓት ላይ ነው።»

ድርቤ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሐሙስ ጠዋትስ ስልክሽ አልጮኸም?» አለቻት።

ሩት ስልኳን ደፍታ አስቀመጠችው።

«ጮኋል። ሁለት ሰዓት ላይ። ግን ባለፉት ሳምንታት ሦስት ጊዜ እንዲሁ ጮኾ ነበር። መጀመሪያ ቀን ሥራዬን ጥዬ ደወልኩ። ‹ደህና ነኝ ልጄ› አለኝ። ለካ ሆን ብሎ ወደ ማድ ቤት ሳይሄድ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ካልተንቀሳቀሰ እንደምደውል ደርሶበታል። በሦስተኛው፣ ‹አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ› ብዬ ተቆጣሁት። ሐሙስ ዕለት ሲጮህ ድምፁን አጥፍቼ ስብሰባ ገባሁ። አራት ሰዓት ላይ ስደውል አያነሳም። ያኔ ነው ለሊሊሴ የደወልኩት።»

*

ባይሳ በበኩሉ ሰው ይዞ ነበር። ኢቢሳ ይባላል፤ ከቢላ ከተማ የመጣ፣ የኮምፒውተር መምህር፣ ከውጭው በር አጠገብ ያለችውን አንድ ክፍል የተከራየ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ባይሳ። «የመጨረሻው የበር መልእክት አሥር ሰዓት ነው፤ ያ የሊሊሴ መውጣት ነው። ከዚያ በኋላ በሩ አልተከፈተም። ልጁ አሥራ ሁለት ከሃያ ላይ ገባሁ ይላል፤ ለዚያ የመጣ መልእክት የለም። ስለዚህ ይዋሻል፤ ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ነበር። ሽማግሌው ደግሞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ፤ መብራት ሲያበሩ አይቻለሁ ያለው ራሱ ነው። አፑንም ቢሆን ከሱ በላይ የሚያውቀው ማን አለ?»

ኢቢሳ ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። ድርቤ ወንበር አሳየችው።

«አከም ቡልቴ?»

«ነጋአ፣ ደህና» አለ ከልማድ፤ ከዚያ የተናገረው ያሳፈረው ይመስል አንገቱን ደፋ።

«ረቡዕ ስንት ሰዓት ገባህ?»

«አሥራ ሁለት ከሃያ። የክረምት ሥልጠና እስከ አሥራ ሁለት አስተምራለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሊበሳው ደርሶ ነበር፤ ሰው ቢጮህ እንኳ አይሰማም። የጮሁ ይመስልዎታል?»

ድርቤ ወደሱ ጠጋ አለች። «መብራቱ መቼ በራ?»

«ልክ አንድ ሰዓት ላይ። ዜና ልከፍት ሰዓቴን እያየሁ ነበር።»

«አቶ በኃይሉን አየሃቸው?»

«እሳቸውን አላየሁም። መብራቱን ነው ያየሁት።»

ባይሳን ወደ ሥልጠናው ቦታ ላከችው። ሲመለስ ፊቱ ተጨማዷል። ጥበቃውም፣ ሃያ ሁለቱም ሠልጣኞች ኢቢሳ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከክፍሉ እንዳልወጣ መስክረዋል። በሩን ቆልፎ ሲወጣ ያየውም ጥበቃው ነው።

«እንግዲያው በሩ ዋሸ» አለ ባይሳ።

«በሩ አልዋሸም። አፉን ዘግተውት ነው» አለች ድርቤ።

*

አቶ የኋላሸት የአቶ በኃይሉ ጎረቤት ናቸው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አላቸው። ቀብሩን አስተባብረው ያስፈጸሙት፣ ለቅሶ ቤቱን ድንኳን ያስተከሉትም እሳቸው ናቸው። ድርቤን ሱቃቸው ውስጥ በአክብሮት ተቀበሏት።

«በኃይሉ ለኔ እንደ ታላቅ ወንድም ነበር። ረቡዕ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጉቴ የጽዋ ማኅበር ላይ ነበርኩ፤ ሠላሳ ሰው ይመሰክራል። የመጣሁት ሁለት ተኩል አልፎ ነው። አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሲያበራ እዚህ ብሆን ኖሮ...» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከወይዘሮ ኬኔ ጋር የአጥር ክርክር አለዎት ይባላል።»

«አለን። መተላለፊያዬን አጥሮብኛል ትላለች። በኃይሉ ያን ቦታ በጊዜው የለካ ሰው ስለሆነ ለሰኞ ፍርድ ቤት ምስክር ተጠርቶ ነበር። የሚመሰክረውም ለኔ ነበር፤ የተጎዳሁት እኔ ነኝ።»

«አፑን የገጠሙላቸው እርስዎ ነዎት?»

«ዕቃውን ሩት ከኔ ገዛች፣ እኔ ገጠምኩ። ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ እጄ ነክቶት አያውቅም።»

«ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም ለእናቴ ባስገባ ብዬ ነበር።»

አቶ የኋላሸት ፈገግ አሉ። «አይድከሙ። ሁለት ትእዛዝ ብቻ ነው የሚቀበለው። ሦስተኛ ሲሰጡት መጀመሪያ አንዱን አጥፋ ብሎ ድርቅ ይላል።»

ድርቤ አመስግና ወጣች። በመንገዷ ላይ ሊሊሴ ቤት ጎራ አለች።

«አቶ በኃይሉ ስለ ሰኞው ምስክርነት ያሉሽ ነገር አለ?»

«የድሮ ደብተራቸውን አውጥተው ሲያገላብጡ ነበር። ‹መንገዱ የኬኔ ነው፣ እኔው ነኝ የለካሁት። የኋላሸት ያኮርፈኛል፤ ቤቴን የሚረግጥ አንድ ጎረቤት ነበረኝ፣ እሱንም ላጣው ነው› አሉኝ።»

*

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ድርቤ አራቱንም በሟቹ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሩት፣ ሊሊሴና አቶ የኋላሸት በሦስቱ አዳዲስ ወንበሮች ተቀመጡ፤ ኢቢሳ በሩ ሥር ቆመ። የተጎደጎደው ወንበር ላይ ለመቀመጥ የደፈረ የለም። ባይሳ በሩን ዘጋ።

«አቶ በኃይሉ አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «አንድ ሰው ክንዳቸውን ይዟቸዋል፤ በለዙ ይናገራል። ገፍቷቸዋል፤ አንዱ ጫማ ማድ ቤት ቀርቷል። ከዚያ የጓሮውን በር ከውስጥ ቀርቅሮ በፊት ለፊት ወጥቷል። መቼ ነው? ሁላችንም ከማታው አንድ ሰዓት በኋላ ነው ብለን ነበር፤ መብራት በርቷልና። ነገር ግን መብራቱን ያበራው ሰው አይደለም፤ አፑ ነው። ሩት ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልሰጠችም።»

«ከኮምፒውተር መምህሩ በላይ ማን ይችልበታል?» አሉ አቶ የኋላሸት።

«ወደሱ እመጣለሁ። አፑ የሚቀበለው ሁለት ትእዛዝ ነው፤ ሁለቱም ተይዘው ነበር። ሦስተኛውን የሰጠው ሰው አንዱን ማጥፋት ነበረበት። የጠዋቱን ሳይነካ የበሩን አጠፋ። ለምን? ራሱ በዚያ በር መውጣት ስላለበት። ኢቢሳ አሥራ ሁለት ከሃያ ላይ ሲገባ መልእክት አልተላከም፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አንድ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ሆኖ መብራት አያበራም ነበር፤ መብራቱ የሚያጋልጠው ራሱን ነው። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ደግሞ ከሃያ ሁለት ሰው ጋር ነበር።»

ኢቢሳ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ታዲያ ሊሊሴ ከወጣች በኋላ ማንም አልገባም፤ መልእክቱ አንድ ነው» አሉ አቶ የኋላሸት።

«መልእክቱ አንድ ነው፣ የተከፈተው ግን ሁለት ጊዜ ነው። ሊሊሴ ዘጠኝ ተኩል ላይ ወጣች። እንግዳው አሥር ሳይሞላ ገባ። አፑ በሰዓት አንዴ ብቻ ስለሚያይ ሁለቱን አንድ አድርጎ ነገረን። እንግዳው ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ደግሞ በሩ ዝም ብሏል።»

ድርቤ ወደ ማዕዘኑ ሄዳ ነጯን ሶኬት በጣቷ ነካች።

«ትእዛዙን ከሩቅ መስጠት ይቻላል። የይለፍ ቃሉ ይኸው ተለጥፏል፣ ማንም ሊያነበው ይችላል። ይህችን ሶኬት ግን ከሩቅ መንካት አይቻልም። ሬዲዮውን ነቅሎ መብራቱን የሰካ ሰው እዚህ ቆሞ ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለችው ሩት አይደለችም። የሊሊሴ ስልክ አፕ የማይቀበል ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ደግሞም የአንድ ሰዓት መብራት የሚጠቅማት ነገር የለም፤ በዚያ ሰዓት ቤቷ ብቻዋን ነበረች። መብራቱ የሚጠቅመው በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው መካከል ለነበረ ሰው ነው። ለምሳሌ ጉቴ፣ ማኅበር ላይ።»

«ይሄ ስድብ ነው!» አቶ የኋላሸት ተነሱ።

«ይቀመጡ። አፑን ለሁለት ዓመት አልነካሁትም አሉኝ። ትናንት ግን ሁለት ትእዛዝ ብቻ ይቀበላል፣ ሦስተኛ ሲሰጡት አንዱን አጥፋ ይላል ብለው ነገሩኝ። እርስዎ ሲገጥሙት የሚቀበለው አምስት ነበር። ሁለት የሆነው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ይህን የሚያውቅ በዚህ ከተማ አልነበረም፤ አቶ በኃይሉም አያውቁም። ሊያውቀው የሚችለው ሦስተኛ ትእዛዝ ሊሰጥ ሞክሮ የተከለከለ ሰው ብቻ ነው።»

አቶ የኋላሸት እንደገና ተቀመጡ፤ ሲቀመጡ ሰውነታቸው ከልብሳቸው ውስጥ ያነሰ መሰለ።

«ይመሰክሩ የነበረው ለኬኔ ነው» አለች ድርቤ። «ደብተራቸውን አይቼዋለሁ።»

«ለመንኩት» አሉ አቶ የኋላሸት፣ ድምፃቸው ከሩቅ እንደሚመጣ። «‹ከሰው በታች ታደርገኛለህ፣ ታመምኩ በልና ከፍርድ ቤት ቅር› አልኩት። ‹የለካሁትን አልለካሁም አልልም› አለኝ። ክንዱን ያዝኩት፤ ተቆጣሁ። የጓሮው በር ክፍት ነበር... መግፋቴን እንኳ አላወቅኩም።»

«ከዚያስ? ሞተው ነበር?»

ሩት እጆቿን አፏ ላይ ጫነች።

«ያቃስት ነበር» አሉ አቶ የኋላሸት። «ስሜን ጠራኝ። በሩን ዘጋሁት።»

ሊሊሴ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ባይሳ ቀረብ ብሎ የሰውዬውን ክንድ ያዘ።

*

የፖሊሱ መኪና ከሄደ በኋላ ሩት ድርቤን እስከ ግቢው በር ሸኘቻት። ዝናቡ አባርቶ ነበር።

«ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ... ወዲያው ብደውል ኖሮ?»

ድርቤ መጀመሪያ ጃንጥላዋን አጠፈች። «ሐኪሙ ያረፉት ከእኩለ ሌሊት በፊት ነው ብሏል። ስልክሽ ሲጮህ የሚያነሳው ሰው አልነበረም።»

«እንግዲያው በኔ አይደለም።»

«በአንቺ አይደለም።»

ሩት ራሷን ነቀነቀች፤ ፊቷ ላይ ግን እፎይታ አልታየም። ድርቤ ትከሻዋን ዳሰስ አድርጋት ሄደች።

ኢቢሳ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነበር። ሩትን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ።

«ልትለቅ ነው?»

«ከእንግዲህ እዚህ መኖር የምችል አይመስለኝም።» እጁ ላይ ያለውን መጽሐፍ አስቀመጠ። «ሩት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ ሁለት ዓመት ተኩል ኖሬያለሁ። ከኔ ደጅ እስከ አባባ ደጅ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ማታ ማታ መብራት ሳይ፣ ደህና ናቸው ብዬ እተኛለሁ። ቤታቸው የገባሁት አራት ጊዜ ብቻ ነው። ቆጠርኩት፤ እስር ቤት ሆኜ ቆጠርኩት።»

ሩት ቆማ አየችው። በዚያው ጊዜ እሷ ወደዚህ ቤት ስንቴ እንደመጣች ልታስብ ጀመረችና ተወችው። ቀሚሷን ሰብስባ እርጥቡ ደፍ ላይ ከጎኑ ተቀመጠች።

«አራቱንም ንገረኝ» አለችው። «አባዬ ምን እንዳለህ፣ ምን እንደበላችሁ፣ ምንም ሳታስቀር።»

ኢቢሳ ጥቂት አሰበ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ጀመረላት።